የዩኒቨርሲቲውን ስም በፊደል ብንጽፈውስ?



በውጭ አገር የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መጀመሪያ የሚገዛው መጽሐፍ አይደለም፤ ሹራብ ነው። ለልጁ አንድ፣ ለእናት አንድ፣ ለአባት ኮፍያ፣ አዲስ አበባ ላሉት አያት ደግሞ በሰው ሻንጣ የሚላክ ቲሸርት። አያት የዩኒቨርሲቲውን ስም ማንበብ ባይችሉም ለብሰውት ፎቶ ይነሣሉ። ሹራቡ ልብስ ብቻ አይደለም፤ «እዚህ ደርሰናል» ማለት ነው።

ደረት ላይ የተጻፈው ያ ስም ግን ባለቤት አለው። ማን ሊያትመው እንደሚችል፣ በምን ቀለም፣ ከየትኛው ሥዕል ጋር፣ ለምን ዓላማ የሚል ደንብ አለ። ብዙዎቻችን ደንቡ መኖሩን የምናውቀው መንገዳችንን ሲዘጋ ነው። እኔም ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ስትጠይቀኝ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነጠላ የለበሰው ድብ

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናት። በሰፈራቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት አማርኛ የሚያስተምር ትንሽ ትምህርት ቤት አለ። ማኅበሩ 150 ቲሸርት አሳትሞ ሊሸጥና በትርፉ ለዚያ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ሊገዛ አሰበ። ቲሸርቶቹ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርሱ ፈለጉ። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ስለሆንኩ ትእዛዝ የሚቀበሉበትን ድረ ገጽ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ።

ሥዕሉ ደስ ይል ነበር። የዩኒቨርሲቲው ማስኮት ድብ ነው። የእህቴ ልጅ ድቡን ነጠላ አልብሳ፣ በእጁ የቡና ሲኒ አስይዛ ሳለችው። ከሥሩ የዩኒቨርሲቲውን ስም በግእዝ ፊደል ጻፈች።

ቲሸርት አታሚው ግን ሥራውን አልቀበልም አለ። «ከዩኒቨርሲቲው ፈቃድ የለኝም። ፈቃድ ያለው አታሚ ፈልጉ፤ እሱም ቢሆን ሥዕሉን ለዩኒቨርሲቲው አሳይቶ ነው የሚያትመው» አላት። ከማኅበሩ ልጆች አንዱ መፍትሔ አመጣ፦ «ድቡን እናውጣው። ስሙን በአማርኛ ብቻ እንጻፈው። ቢሮ ውስጥ ማን ያነበዋል?» የልጅቱ አባት ደግሞ ተቆጡ። «በዓመት ይህን ሁሉ ሺህ ዶላር እየከፈልን የትምህርት ቤቱን ስም ለመልበስ ደግሞ ፈቃድ?» አሉ።

ልጅቱ ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ ማን ነው ትክክል?» ይህ ጽሑፍ ያን ቀን በስልክ ጀምሬ ቀስ በቀስ የጨረስኩት መልስ ነው።

ስም እንዴት ንብረት ይሆናል?

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የቅጂ መብት የሚጠብቀው ድርሰትን፣ ሥዕልን፣ ዘፈንንና የመሳሰለውን ሥራ ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ አንድ ዕቃ ከማን እንደመጣ የሚነግረንን ስምና ምልክት ይጠብቃል። የአሜሪካ የንግድ ምልክት ሕግ መሠረት በ1946 የወጣው የላንሃም ሕግ ነው። ዋና ጥያቄው ቀላል ነው፦ ገዢው ዕቃውን አይቶ ይሳሳታል ወይ? ባለ ስሙ ራሱ የሠራው ወይም የፈቀደው ይመስለዋል ወይ?

ይህን ለእህቴ ልጅ ያስረዳኋት በእድር ነው። እድር ማለት ጎረቤቶች በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጡ ሐዘን ሲደርስ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። አንድ የማናውቀው ሰው የእድራችንን ስም ካርቶን ላይ ጽፎ ሱቅ በር ላይ ገንዘብ ቢሰበስብ ምን እንላለን? ምናልባት ሰውየው ደግ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡንም ለሐዘንተኛ ሊሰጥ ይችላል። ግን የሰጠው ሰው ያመነው ሰውየውን ሳይሆን የእድሩን ስም ነው። ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ሰዎች ወደ እድሩ ይመጣሉ። ስለዚህ «መጀመሪያ ጠይቀን» እንለዋለን። ዩኒቨርሲቲውም የሚለው ይህንኑ ነው።

ጥበቃው ለስም ብቻ አይደለም። ሎጎ፣ ማኅተም፣ ማስኮትና መፈክርም ይጠበቃሉ። አንዳንዴ ቀለምም ጭምር። በ2008 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ አለ። የሉዊዚያና ስቴት፣ የኦክላሆማ፣ የኦሃዮ ስቴትና የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ስማክ አፓረል የተባለ ቲሸርት ሠሪ ከሰሱ። ቲሸርቶቹ የዩኒቨርሲቲዎቹን ሎጎ አልያዙም ነበር። የቡድኖቹን ቀለማትና ስለ ጨዋታዎቻቸው የሚናገሩ ቃላት ብቻ ነበረባቸው። ፍርድ ቤቱ ግን ቀለማቱና ቃላቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ገዢው የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል ብሎ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ፈረደ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መልበስ ፈቃድ አይጠይቅም። ደንቡ የሚመለከተው የሚያመርተውንና የሚሸጠውን ነው። አባቷ ኮፍያቸውን ያለ ስጋት ማድረግ ይችላሉ።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም

አባቷ «ድሮ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ያሉት ግን እውነትነት አለው። ሻምፒዮን የተባለው የስፖርት ልብስ አምራች የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲን ስም የያዙ ልብሶች መሸጥ የጀመረው በ1936 ነው። ለብዙ ዓመታት ዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ውሰድ አላለውም። በሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መደብር በ1973 ስሙን ለአንድ የሰዓት አምራች በፈቃድ ሰጠ። ይህ በዩኒቨርሲቲ ስም ፈቃድ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ከዚያ የአሜሪካ ፉትቦል በቴሌቪዥን እየገነነ ሄደ። በ1976 የፒትስበርግ ቡድን የአገሪቱ ሻምፒዮን ሲሆን የሹራቡ ገበያም ደራ። ዩኒቨርሲቲው ከአምራቹ ጋር ፍርድ ቤት ቆመ። በ1983 የፌዴራሉ ዳኛ ለአምራቹ ፈረደ። በዳኛው አስተያየት ሰዎች ሹራቡን የሚገዙት ቡድኑን ስለሚወዱ እንጂ ዩኒቨርሲቲው ሠርቶታል ብለው ስላሰቡ አይደለም።

ሌሎች ፍርድ ቤቶች ግን ሌላ መንገድ ሄዱ። በ1985 የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን ማስኮት የሚመስል ቡልዶግ ጣሳው ላይ የሳለ አንድ የቢራ ነጋዴ ተረታ። በ1981 ደግሞ ቢል ባትል የተባለ የቀድሞ የፉትቦል አሠልጣኝ የዩኒቨርሲቲዎችን ፈቃድ የሚያስተዳድር ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። የመጀመሪያ ደንበኛው አላባማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ በሹራብ መለያ ላይ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ተለጣፊ የምናየው ከዚያ በኋላ በተዘረጋው ሥርዓት ነው።

ክርክሩ እስካሁን አላበቃም። በ2022 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ «ዘ» የምትለውን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ለቲሸርትና ለኮፍያ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ። ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ሳቀች። እኔም ይህ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። በ2024 ደግሞ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የድሮ ሥዕሎቹን ቲሸርት ላይ እያተመ የሚሸጥ ቪንቴጅ ብራንድ የተባለ ድርጅትን ከስሶ በዳኝነት ሸንጎ ፊት ረታ። የፒትስበርጉ ጥያቄ ከ40 ዓመት በኋላም አዲስ ነው ማለት ነው።

ፊደሉ የማንም አይደለም፤ ስሙ ግን ባለቤት አለው

አሁን ወደ ልጁ ሐሳብ እንምጣ። በአማርኛ ብንጽፈውስ?

ሁለት ምልክቶች ይመሳሰላሉ ወይ ተብሎ ሲመረመር ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ መልክ፣ ድምፅና ትርጉም። ፊደሉን ስንቀይር መልኩ ይቀየራል። ድምፁ ግን ያው ነው። ስሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ያው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮም ይህን ያውቃል። አንድ ሰው በላቲን ፊደል ያልተጻፈ ምልክት ሊያስመዘግብ ሲሄድ ቃሉ እንዴት እንደሚነበብና ምን ማለት እንደሆነ እንዲጽፍ ይጠይቀዋል። ለምሳሌ «ቡና» ብሎ በፊደላችን የጻፈ ሰው ድምፁን በላቲን ፊደል፣ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ያስረዳል።

ሌላም ነገር አለ። «ማን ያነበዋል?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው፦ ገዢው ያነበዋል። ቲሸርቱን የሚገዙት ፊደል የሚያነቡ እናቶች፣ አባቶችና ፊደል እየተማሩ ያሉ ልጆች ናቸው። ሊሳሳት የሚችለውም ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው ሰው አይደለም፤ እነሱ ናቸው። ደግሞስ ማንም እንዳያነበው ከሆነ ለምን በፊደል እንጽፈዋለን?

ኮዱን ሰጥቶ ስሙን ያስቀረ ዩኒቨርሲቲ

አባቷን ግን ይህ ሁሉ አላሳመናቸውም። ለእሳቸው ከሙያዬ አንድ ምሳሌ ሰጠኋቸው።

እኔ በየቀኑ ሌሎች ሰዎች ጽፈው በነጻ የሰጡትን ኮድ እጠቀማለሁ። ነጻ ኮድም ፈቃድ አለው። ከታወቁት ፈቃዶች አንዱ የመጣው በርክሌ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ፈቃድ እጅግ ለጋስ ነው። ኮዱን ውሰድ፣ ቀይር፣ ሽጥ፣ ገንዘብ አግኝበት ይላል። የሠሪውን የባለቤትነት ማስታወቂያ አታጥፋ ይላል። ከዚያ አንድ ነገር ይከለክላል፦ ከዚህ ኮድ የሠራኸውን ዕቃ ለማስተዋወቅ የዩኒቨርሲቲውን ስም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አትጠቀም።

እስቲ አስቡት። የብዙ ዓመት የምርምር ሥራ በነጻ ተሰጠ። ስሙ ግን አልተሰጠም። ምክንያቱም ኮድ ቢበላሽ ይታረማል። ስም ግን ሲበላሽ ስሙን ያመኑ ሰዎች ሁሉ ይጎዳሉ። የእህቴ ልጅ ነገ ዲግሪዋን ይዛ ሥራ ስትፈልግ ቀጣሪው የሚያየው ያንኑ ስም ነው። አባቷ የሚከፍሉት ለትምህርቱ ነው። ትምህርቱ ዋጋ የሚኖረው ደግሞ ስሙ ሲጠበቅ ነው።

«እሺ፣ ስሙን ይጠብቁ፤ ገንዘቡን ግን ለምን ይወስዳሉ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሮያሊቲ ስንት ነው?

ሮያሊቲ ማለት ለስሙ ባለቤት የሚከፈል ድርሻ ነው። ብዙ ጊዜ ከጅምላ ዋጋው በመቶኛ ይሰላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች 10 በመቶ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ይጠይቃሉ። ገንዘቡ ለተማሪዎች ስኮላርሺፕና ለስፖርት ክፍሉ እንደሚውል ይናገራሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ለተማሪ ማኅበራት ክፍያውን ይተዋሉ፤ በተለይ ልብሱ ለአባላት ብቻ ሲሆን። ለሽያጭ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ይከፈላል።

በእህቴ ልጅ ጉዳይ የአንዱ ቲሸርት የጅምላ ዋጋ 12 ዶላር ነበር። ሮያሊቲው 12 በመቶ፣ ማለትም 1 ዶላር ከ44 ሳንቲም። ለ150 ቲሸርት 216 ዶላር ይሆናል። ለትልቅ ኩባንያ ምንም አይደለም። ለቅዳሜ ትምህርት ቤት ግን ብዙ መጽሐፍ ነው። በዚህ ላይ አባቷ የተቆጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ለበጎ ሥራ ሲነሡ ስሙን መጠበቅም ክፍያውን መተውም ይችላል። ሁለቱ አይጣሉም።

ልብሱን የሰፋው ማን ነው?

ፈቃድ ግን ገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ አይደለም። ይህን ያስተማሩት ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ተማሪዎች «የዩኒቨርሲቲያችንን ስም የያዘውን ልብስ የሚሰፋው ማን ነው? ስንት ይከፈለዋል?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ሰልፍ ወጡ፤ በአስተዳደር ሕንፃዎች ውስጥ ተቀምጠው አንወጣም አሉ። ዱክን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ፈቃድ ለሚወስድ ሁሉ የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። በ2000 ፋብሪካዎችን የሚመረምር የሠራተኞች መብት ጥምረት የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ፈቃዱ ጥርስ አወጣ፤ ደንቡን የጣሰ አምራች ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል።

በ2009 ይህ በተግባር ታየ። ረስል የተባለው ኩባንያ ሆንዱራስ ውስጥ ሠራተኞቹ ማኅበር ያቋቋሙበትን ፋብሪካ ዘጋ። ወደ 100 የሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎች ከኩባንያው ጋር የነበራቸውን ውል አቋረጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኩባንያው አዲስ ፋብሪካ ከፍቶ 1,200 ሠራተኞችን ሊመልስ ተስማማ። በቀጣዩ ዓመት ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ አልታ ግራሲያ የተባለ ፋብሪካ የዩኒቨርሲቲ ልብስ መሥራት ጀመረ። ለሠራተኞቹ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ሦስት እጥፍ ያህል ይከፍል ነበር።

ይህ ጉዳይ ከእኛም አገር ደጃፍ ደርሷል። ያው የሠራተኞች መብት ጥምረት በ2018 መጨረሻ ስለ ኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካዎች ሪፖርት አውጥቷል። በ2019 ደግሞ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ባወጡት ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች የመነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ መደብር ውስጥ ኮፍያ ያለው አንድ ሹራብ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይሸጣል። የልጅቱ እናት፣ ማለትም እህቴ፣ ይህን ስትሰማ ስለ ክፍያው ያነሣችውን ክርክር ትታ የሹራቧን መለያ ገልብጣ አየች።

የይርጋጨፌ ስም

አንድ ታሪክ ጨመርኩላቸው። በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ክርክሩ ትልቅ ሆነ። በ2007 ስታርባክስ ስሞቹን የሚያከብር ስምምነት ከኢትዮጵያ ጋር ፈረመ።

ኢትዮጵያ ለቡና ነጋዴዎች የሰጠችው ፈቃድ ያለ ሮያሊቲ ነው። የፈለገችው ስሙ በትክክል እንዲጠራ፣ እንዲታወቅና ገበሬው የተሻለ ዋጋ እንዲያገኝ ነበር። አያችሁ? ለዩኒቨርሲቲው ስም የቆመው ሕግ ለይርጋጨፌም ቆሟል። ሕጉ ለእኛ ሲሆን ወደነው ለሌላው ሲሆን ልንጠላው አንችልም። ደግሞ የይርጋጨፌ ፈቃድ አንድ ነገር ያሳያል፤ ባለ ስም ከፈለገ ሳያስከፍል መፍቀድ ይችላል።

ቲሸርቱ ምን ሆነ?

የእህቴ ልጅ ለፈቃድ ቢሮው ጻፈች። ድቡ ነጠላ እንዲለብስ አልፈቀዱም፤ ማስኮቱ አይቀየርም። የማኅበሩን ስም ቅደም ተከተልም አስተካከሉ። «የእገሌ ዩኒቨርሲቲ የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር» ሳይሆን «የሐበሻ ተማሪዎች ማኅበር፣ በእገሌ ዩኒቨርሲቲ» ይባል አሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን የሚናገረው ማኅበሩ እንጂ ዩኒቨርሲቲው እንዳልሆነ ያሳያል። ይህ ደንብ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አለ።

ፊደሉን ግን ፈቀዱ። የአነባበቡንና የትርጉሙን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ ራሷ ጻፈች። ከድቡ ይልቅ እጅጌው ላይ የጥበብ ጥለት ሳለች። ለጥበብና ለፊደል ከማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም።

ቲሸርቶቹ ለእንቁጣጣሽ አልደረሱም። ከመስቀል በኋላ መጡ። 131 ተሸጡ፤ እያንዳንዱ በ25 ዶላር። አታሚውና ሮያሊቲው ተከፍሎ 1,259 ዶላር ቀረ። ትምህርት ቤቱ መጻሕፍቱን ገዛ። አባቷ ሁለት ቲሸርት ገዝተዋል። 216 ዶላሩ ግን እስካሁን ያንገበግባቸዋል። እኔም አልፈርድባቸውም።

ለማኅበራት ልጆች

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካሰባችሁ ጥቂት ምክር ልስጥ። በመጀመሪያ ሥዕል ከመሳላችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲያችሁ ፈቃድ የሰጣቸውን አታሚዎች ዝርዝር ጠይቁ። ቀጥሎ ለበዓል የምትፈልጉት ከሆነ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ጀምሩ፤ ሥዕል ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሮያሊቲውን እንዲተዉላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለምን እንደምትሰበስቡም በግልጽ ንገሯቸው። አታሚውን ልብሱ የት እንደተሰፋ ጠይቁት። በመጨረሻም የራሳችሁን ነገር አብዙ። ጥለቱ፣ ፊደሉ፣ የማኅበራችሁ ስም የእናንተ ነው።

የማኅበራችሁም ስም ስም ነው። ማን ሊጠቀምበት እንደሚችል፣ ለምን ዓላማ፣ ማንን አስፈቅዶ የሚለውን በደንባችሁ ውስጥ ዛሬውኑ ጻፉት። ከእናንተ በኋላ የሚመጡት ልጆች በዚያ ስም ይታመናሉና።